ግንድ መርጦ ጣውላ ማውጣት፦ ከግንድ ክምር እስከ ጣውላ ድርድር

የጣውላ መሰንጠቂያ ሥራ ሲበላሽ ሁሉም ወደ መጋዙ ይመለከታል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የተሠራው ቀደም ብሎ፣ ግንዱ መሬት ላይ ተጋድሞ ሳለ ዞሮ ያየው ሰው ሲጠፋ ነው። ጣውላውን የሚያጣምመውና የሚዞረውን ምላጭ ቆንጥጦ ሰው የሚጎዳው ያው አንድ ነገር ነው፦ በግንዱ ውስጥ የታመቀ ውጥረት። ስለዚህ ከአንድ ግንድ ብዙ ጣውላ ማውጣትና ሰው ሳይጎዳ ውሎ መግባት በአንድ ላይ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም የሚጀምሩት ግንዱን ከማየት ነው።

1. ግንዱን ዙሩት

መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች ተመልከቱ። እምብርቱ፣ ማለትም የዕድገት ቀለበቶቹ የሚዞሩበት ነጥብ፣ መሃል ላይ ነው ወይስ ወደ አንድ ጎን ሸሽቷል? የሸሸ እምብርት ዛፉ አጋድሎ እንዳደገ ይናገራል። ያጋደለ ዛፍ ራሱን ደግፎ ለማቃናት ከሌላው የተለየ እንጨት ያበጃል፤ መርፌ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ይህን የሚያበጁት ባጋደሉበት በኩል ከታች ሲሆን፣ ሰፊ ቅጠል ያላቸው ደግሞ ከላይ በኩል ነው። ደህና እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ የሚያጥረው ከቁጥር የማይገባ ያህል ነው። ይህኛው ግን በርዝመቱም ይኮማተራል፤ ከሱ የወጣ ጣውላ ዛሬ ቀጥ ብሎ ቢታይ እንኳ ሲደርቅ ይጎብጣል። እንዲህ ያለውን ግንድ አትጣሉት፤ ለአጭርና ለወፍራም ሥራ መድቡት።

ቀጥሎ ስንጥቁን እዩ። ከእምብርቱ ተነሥቶ ወደ ዳር የሚሄድ ስንጥቅ በአቀማመጥ ሊታለፍ ይችላል፤ እንዴት እንደሆነ ከታች አለ። የዕድገት ቀለበቱን ተከትሎ የሚዞር ስንጥቅ ግን ከባድ ነው። ከእንዲህ ያለ ግንድ የሚወጣው ጣውላ መጋዙ ላይ እያለ ሁለት ሆኖ ሊላቀቅ ይችላል፤ የተላቀቀውንም ቁራጭ የሚዞር ምላጭ ወደ ሰው ይወረውረዋል። ልቡ በስብሷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግንዱን በመዶሻ መታ መታ አድርጉት። ደህና እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው የታፈነ።

ጫፉ ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ቦታ ካያችሁ ሚስማር ወይም ሽቦ ጠርጥሩ። ብረት በእንጨት ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ እንዲህ ያለ ቀለም ይተዋል። ከአጥር ዳር፣ ከግቢና ከመንገድ ዳር የተቆረጠ ዛፍ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ካለ ግንዱን በሙሉ አስሱበት፤ ከሌለ የታችኛውን ሁለት ሜትር በተለይ መርምሩ፤ ሰው ሚስማር የሚመታው እጁ በሚደርስበት ከፍታ ነው። አንዲት ሚስማር የአንድን ምላጭ ጥርስ ከዳር እስከ ዳር ልታረግፍ ትችላለች፤ የተሰበረ ጥርስ ደግሞ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም።

አሁን ወደ ጎኑ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥሩና ግንዱ ከሲባጎው የራቀበትን ትልቁን ክፍተት ለኩ። እኔ ክፍተቱ ከቀጭኑ ጫፍ ውፍረት ሩብ ካለፈ ያንን ግንድ ሳላሳጥር መጋዝ ላይ አላወጣም። እኩል የጎበጠ ግንድ ርዝመቱ በግማሽ ሲቆረጥ የያንዳንዱ ቁራጭ ጉብጠት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 12 ሳንቲ ሜትር የጎበጠ የአራት ሜትር ግንድ መሃሉ ላይ ለሁለት ሲቆረጥ እያንዳንዱ የሁለት ሜትር ቁራጭ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይጎብጣል ማለት ነው። ይህን ስሌት የያዘ ሰው ጎባጣ ግንድ ሲያይ ብዙም አይደነግጥም።

ቅርፊቱ የተላጠበት ቦታ ላይ ቃጫው ዙሪያውን እየተጠመዘዘ የሚወጣ ከሆነ ጣውላው ሲደርቅ ይጠመዘዛል፤ ይህን ጉድለት የሚያድን የአሰነጣጠቅ ዘዴ የለም። ጉጥን በተመለከተ፣ ትንሽና ከዙሪያው እንጨት ጋር የተያያዘ ጉጥ ብዙ አያስጨንቅም። የሞተና በቅርፊት የተከበበ ጉጥ ግን ሲደርቅ ወልቆ ቀዳዳ ይተዋል።

2. ለኩ፣ ለዩ

ግንድ የሚለካው ቅርፊቱን ሳይጨምር ነው። መጠኑን ለማወቅ መሃሉ ላይ ያለውን ውፍረት ውሰዱ፤ በራሱ አባዙት፤ በ0.785 አባዙ፤ በመጨረሻ በርዝመቱ። መሃሉ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር ለሆነ ግንድ 0.40 × 0.40 × 0.785 × 4 ብላችሁ 0.50 ሜትር ኩብ ታገኛላችሁ። እርጥብ እንጨት በሜትር ኩብ አንድ ቶን ገደማ ሊመዝን ስለሚችል ይህ መካከለኛ ግንድ ብቻውን ግማሽ ቶን ሊሆን ይችላል። ግንዱን ስታንከባልሉም ይህን ቁጥር አስታውሱት።

ምን ዓይነት ጣውላ እንደሚወጣ የሚወስነው ግን ቀጭኑ ጫፍ ነው። ከክብ ውስጥ የሚወጣው ትልቁ እኩል ጎን ያለው አራት ማዕዘን ጎኑ የክቡ ውፍረት 0.7 ያህል ነው። ቀጭን ጫፉ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 28 በ28 ይወጣል፤ 30 ከሆነ 21 በ21።

ግንዶቹን በዛፍ ዓይነት፣ በርዝመትና በቀጭን ጫፍ ውፍረት ለይታችሁ ከምሩ። አንድ ዓይነት ግንድ ተከታትሎ ሲገባ ሠራተኛው የመጋዙን ልክ በየግንዱ አይቀያይርም። ልክ በተቀያየረ ቁጥር ስህተት ይገባል፤ ጊዜውም ይባክናል።

3. ግንድ ሲቆይ

ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይሰንጠቅ። ግንድ ውሃውን ፈጥኖ የሚያጣው በጫፎቹ በኩል ስለሆነ ከተቆረጠ በኋላ ሳይውል ሳያድር ጫፎቹን ሰም ወይም ወፍራም ቀለም ቀቡ። ብዙ ሳምንት የሚቆይ ከሆነ ውሃ እየረጩ እንደራሰ ማቆየት ይሻላል፤ ሙሉ በሙሉ በውሃ የጠገበ እንጨት ውስጥ አየር ስለማይኖር እንጨት የሚያበሰብስና የሚያጠቁር ሻጋታ አይራባበትም። ግማሽ እርጥብ፣ ግማሽ ደረቅ ሆኖ የተተወ ግንድ ግን ለሻጋታውም ለነቀዙም የተመቸ ነው። ክምሩ መሬት እንዳይነካ ከሥሩ ተሸካሚ ግንድ አጋድሙ። ጭቃና ጠጠር በቅርፊት ውስጥ ከገባ ጥርስ ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ከመጋዙ በፊት ቅርፊቱን መላጥ፣ ካልሆነም ማጠብና መጥረግ ይገባል።

4. በርዝመት መቁረጥ

እዚህ ላይ ሰው በጣም ይጎዳል፤ ቀላል ሥራ ስለሚመስል ይመስለኛል። ቁርጡን ከመጀመራችሁ በፊት ግንዱ በምን ላይ እንደተደገፈ እዩ።

ሁለቱም ጫፎቹ ተደግፈው መሃሉ ባዶ ላይ ከሆነ የላይኛው ፊት ተጨቁኗል፣ የታችኛው ተወጥሯል። ከላይ ውፍረቱን ሲሶ ያህል ቁረጡ፤ ቀዳዳው መጥበብ ሲጀምር አቁሙና ቀሪውን ከታች ወደ ላይ ጨርሱ። አንዱ ጫፍ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ መጀመሪያ ከታች ሲሶውን፣ ከዚያ ከላይ። ይህን ያልለየ ሰው የሰንሰለት መጋዙ ግንዱ ውስጥ ተቆንጥጦ ይቀርበታል። ከተዳፋት በታች በኩል በፍጹም አትቁሙ፤ የተለቀቀው ቁራጭ የሚንከባለለው ወደዚያ ነው። በመጋዙ አፍንጫ የላይኛው ክፍልም ምንም ነገር አትንኩ፤ ሰንሰለቱ እዚያ ሲነክስ ማሽኑን ወደ ፊታችሁ ያስፈነጥረዋል።

የት ልቁረጥ ለሚለው መልሱ ጉብጠቱ የሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ትልቅ ጉጥ ካለም እሱ ጫፍ ላይ እንዲውል አድርጉ። ከምትፈልጉት ርዝመት ላይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ፤ ጫፉ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ መጨረሻ ላይ ይቆረጣል።

5. ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት

ኃይሉ ተቋርጦ፣ ማጥፊያው በጓጉንቸር ተቆልፎ፣ የጓጉንቸሩ መክፈቻ በሚሠራው ሰው ኪስ ሆኖ ነው ማሽን የሚፈተሸው። ጓጉንቸሩን የሚከፍተው የቆለፈው ሰው ብቻ ነው፤ አለቃም ቢሆን በሌላ ሰው ጓጉንቸር ላይ ሥልጣን የለውም። ይህ ሕግ አንድ ቀን ከላላ ከዚያ በኋላ ያለ አይመስልም። ደግሞም ሞተር ጠፋ ማለት ምላጭ ቆመ ማለት አይደለም። ትልቅ ክብ መጋዝም ሆነ የቀበቶ መጋዝ (ምላጩ እንደ ቀበቶ በጎማዎች ላይ የሚዞር መጋዝ) መሽከርከሪያ ጎማ ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ ለረጅም ጊዜ ይዞራል፤ በዓይናችሁ እስክታዩ ድረስ ቆመ አትበሉ።

የምትፈትሹት ይህን ነው፦ ጥርሶቹ ስለታም ናቸው? የተሰነጠቀ ወይም የጎደለ ጥርስ አለ? የጥርሶቹ ግራና ቀኝ አዘነባበል እኩል ነው? በአንድ በኩል ያዘነበሉት ከሌላው ከበለጡ ምላጩ ወደዚያ እየሳበ ይሄዳል። የቀበቶ መጋዝ ውጥረት አምራቹ በጻፈው ልክ ነው? ምላጩን በመስመሩ የሚይዙት መሪዎች ክፍተት፣ የቺንጋው ጥብቀት፣ የአደጋ ማቆሚያው ቁልፍ እንዴት ነው? በክብ መጋዝ ላይ ደግሞ ከምላጩ ጀርባ ያለው መለያ ቢላ በቦታው መሆኑን አረጋግጡ። የተሰነጠቀው እንጨት ምላጩን ጨብጦ ወደ ኋላ እንዳይወረወር የሚያደርገው እሱ ነው። «ያስቸግራል» ተብሎ ተፈትቶ ጥግ ላይ የተቀመጠ መለያ ቢላ ያለበት መሰንጠቂያ ውስጥ እኔ ግንድ አልጭንም።

የተጠቀለለ የቀበቶ ምላጭ ሲፈታ ሞላ ነው፤ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ፣ ሰው አርቃችሁ ፍቱት። ሆኖም በሚዞር ምላጭ አጠገብ ጓንት፣ ሰፊ እጅጌ፣ የተንጠለጠለ ገመድና ነጠላ አይደረግም። ጓንት የሚደረገው ምላጭ ሲያዝና ጣውላ ሲሸከሙ ነው።

ጆሮንም አትርሱ። የክብ መጋዝ ድምፅ ብዙ ጊዜ 100 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል፤ ለስምንት ሰዓት ሥራ እንደ ወሰን የሚታየው 85 ነው። አንድ ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው መጮህ ካስፈለጋችሁ ወሰኑን አልፋችኋል። ሰጋቱራም እንደ ቀላል ነገር አይታይ፦ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የእንጨት ብናኝን በ1995 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ጭንብል ማድረግ፣ ብናኙን በመሳቢያ ቱቦ ማውጣትና በየዕለቱ መጥረግ ያስፈልጋል። ደረቅ ሰጋቱራ በሞቀ የመሽከርከሪያ ኩሺኔታ ላይ ሲከማች እሳት ይይዛል፤ አየር ላይ ተበትኖ ሳለ ብልጭታ ካገኘው ደግሞ ይፈነዳል።

6. ግንዱን መጫን

ክምር ላይ አትውጡ፤ ከክምሩ በታች በኩልም አትቁሙ። ግንዱን በመንጠቆና በፓሎ ከጫፉ በኩል አንቀሳቅሱት፤ እግራችሁ መንከባለያው መንገድ ላይ አይሁን። አንዱ ግንድ ሲወርድ ተከታዩ እንዳይከተለው ሽብልቅ ይታሰርበት። ወደ ማሽኑ የሚገባው አንድ ግንድ ብቻ ነው፤ መጋዙ እየሠራ ሳለ ሌላ ግንድ አይጫንም።

ሠራተኛውና ጣውላ ተቀባዩ በማሽን ድምፅ ውስጥ በቃል አይግባቡም። የእጅ ምልክት ከሥራ በፊት ተስማሙ። ከሁሉም በላይ «አቁም» የሚለው ምልክት ማንኛውም ሰው የሚሰጠው፣ ያየውም ሳይጠይቅ የሚፈጽመው ይሁን።

7. የግንዱ አቀማመጥ፦ የሥራው ልብ

ጥሩ ሠራተኛ ከደካማው የሚለየው እዚህ ነው። ግንዱ ጋሪው ላይ ከተኛ በኋላ ሁለት ደቂቃ ዙሩት። ከሁለት ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ግንድ ጥቂት ነው፤ ያንን ጊዜ የሚቆጥብ ሰው የሚያጣው ሙሉ ጣውላ ነው።

በመጀመሪያ ስንጥቁ። ከእምብርቱ የሚወጣውን ዋና ስንጥቅ ከምላጩ ጋር ትይዩ አድርጉ። ትይዩ ሲሆን ስንጥቁ አንድ ወይም ሁለት ጣውላ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። በአግድም ለሚቆርጥ መጋዝ ስንጥቁ ተጋድሞ ይተኛ ማለት ነው። ቀጥ ብሎ ቆሞ ከተተወ የሚቆረጠውን ጣውላ ሁሉ ለሁለት ይከፍላል።

ቀጥሎ ጉጡ። ጉጥ የበዛበትን ፊት ለይታችሁ መጥፎውን ሁሉ በአንድ ፊት ወይም በሁለት ፊት መገናኛ ጠርዝ ላይ ሰብስቡ። ጠርዝ ላይ ያለ ጉጥ ጠርዝ ሲቆረጥ አብሮ ይሄዳል። ንጹሑ ፊት ቀድሞ ይከፈት።

ከዚያ ውፍረቱ። ግንድ ሁሉ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ይቀጥናል። ወፍራም ጫፉ 44፣ ቀጭኑ 36 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግንድ ጠፍጣፋ መሠረት ላይ ሲተኛ እምብርቱ በአንድ በኩል 22፣ በሌላው 18 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ቀጭኑን ጫፍ በ4 ሳንቲ ሜትር ካነሣችሁት እምብርቱ ከምላጩ ጋር ትይዩ ይሆናል። ለግንባታ ሞራሌና ለጠንካራ እንጨት ይህ ይመከራል፤ እምብርቱ ከአንድ ጣውላ ወደ ሌላው እየተሻገረ አያስቸግርም። ንጹሕ፣ ጉጥ አልባ ጣውላ ለቤት ዕቃ ስትፈልጉ ግን ምላጩን ከቅርፊቱ ጋር ትይዩ አድርጉ። ንጹሑ እንጨት ያለው ከቅርፊቱ ሥር ነው፤ ግንዱ ወደ ጫፉ በመቅጠኑ የሚመጣው ኪሳራ መሃሉ ላይ ይውላል።

ለጎባጣ ግንድ፣ የመጀመሪያ ሁለት ፊቶች የሚከፈቱት ጉብታው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሆኖ ነው። ጎኑ ላይ ጉብጦ ከተኛ ጣውላው ሁሉ ጠርዙ ላይ ይጎብጣል፤ ያ ደግሞ ቀጥ ሲደረግ ስፋቱን ይበላዋል።

የመጀመሪያው የጎን ልጣጭ ምን ያህል ይወፍር? ብዙ ሰው ከሚያስበው በጣም ያነሰ። ቀጭን ጫፉ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግንድ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ብታነሡ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ፊት ይከፈታል፤ 15 ሚሊ ሜትር ብታነሡ ፊቱ 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሦስትና አራት ሳንቲ ሜትር ልጣጭ የሚጥል ሠራተኛ ከያንዳንዱ ግንድ አንድ ጣውላ ለማገዶ ሰጥቷል።

8. የአሰነጣጠቅ መንገድ

ከላይ እስከ ታች ሳያገላብጡ መሰንጠቅ ፈጣን ነው፤ ለትናንሽና ለዝቅተኛ ደረጃ ግንድ ይበቃል፤ ሁሉም ጣውላ ግን ሁለት ቅርፊታም ጠርዝ ይዞ ይወጣል። ሁለት ፊት ከፍቶ በ90 ዲግሪ ገልብጦ አራት ማዕዘን ካወጡ በኋላ መሰንጠቅ ለግንባታ እንጨት የሚበጅ ነው። ዙሪያውን እያገላበጡ ከየፊቱ ምርጡን መውሰድ ጊዜ ይፈጃል፤ ለውድ እንጨት ግን ይገባዋል። ግንዱን አራት አድርጎ ከፍሎ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊት አቅጣጫ የሚሰነጥቅ ዘዴም አለ። እንጨት በዕድገት ቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከእምብርት ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሆነ እንዲህ የወጣ ጣውላ ሲደርቅ እምብዛም አይጣመምም፤ የሚባክነው ግን ይበዛል።

ባሕር ዛፍ ለብቻው ይወራለት። ቶሎ የሚያድገው ይህ ዛፍ ዳሩ በርዝመቱ የተወጠረ፣ ልቡ የተጨቆነ ሆኖ ነው የሚያድገው። የላይኛውን ጣውላ ስታነሡ ጫፎቹ ወደ ላይ ይነሣሉ፤ የቀረው ግንድ ደግሞ ከታች በኩል ያለው ውጥረት ብቻ ስለሚቀረው መሃሉ ጉብ ይላል። ምላጩ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ቀጣዩ ጣውላ መሃሉ ወፍራም፣ ጫፎቹ ቀጭን ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሰው «ማሽኑ ልኩን ስቷል» ብሎ መሪዎቹን መነካካት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ማሽኑ ደህና ነው። መድኃኒቱ ከአንድ ፊት አንድ ወይም ሁለት ጣውላ አንሥቶ በ180 ዲግሪ መገልበጥ፣ ከተቃራኒው ፊት ያንኑ ያህል ማንሣት፣ ውጥረቱን እያመጣጠኑ ወደ ልቡ መቅረብ ነው። መሃሉ በጣም ከጎበጠ አንድ ስስ ማስተካከያ ቁርጥ አድርጉና ቀጥሉ። እምብርቱን የያዘውን መሃል ወፍራም ምሰሶ አድርጎ መተው ወይም ለይቶ መጣል ይሻላል፤ እምብርት የያዘ ጣውላ ይሰነጠቃል። ግንዱን አሳጥሮ መሰንጠቅም ብዙ ያግዛል።

9. መሰንጠቅ

ልኩን ስታወጡ መጋዙ የሚበላውንም ቁጠሩ። ደርቆ 25 ሚሊ ሜትር እንዲሆን የምትፈልጉትን ጣውላ እርጥብ ሳለ ከ27 እስከ 28 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። 205 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው አራት ማዕዘን አለ እንበል። 2.5 ሚሊ ሜትር በሚበላ የቀበቶ መጋዝ ባለ 27 ሚሊ ሜትር ጣውላ ሰባት ይወጣል፤ ሰባቱ ጣውላና ስድስቱ ቁርጥ 204 ይሆናሉ። 6 ሚሊ ሜትር በሚበላ ክብ መጋዝ ግን ስድስት ብቻ። ሰባተኛው ጣውላ ሰጋቱራ ሆኗል።

ከእያንዳንዱ ቁርጥ በፊት የግንድ መያዣዎቹ ከምላጩ መንገድ በታች መሆናቸውን እዩ። ግንዱ እያነሰ ሲሄድ መያዣውን ዝቅ ማድረግ ረስቶ ብረት መቁረጥ የዚህ ሥራ የተለመደ ጥፋት ነው። በምላጩ መስመር ትክክል ፊት ለፊትም ሆነ ጀርባ አትቁሙ። ምላጩ ሲገባ በዝግታ አስገቡ፤ ከገባ በኋላ ፍጥነቱን ጨምሩ፤ ሊወጣ ሲል እንደገና ቀንሱ።

ሰጋቱራው ራሱ ይነግራችኋል። ፍርፍር ያለና እርጥበት ያለው ከሆነ ጥሩ ነው። እንደ ዱቄት የላመ ከሆነ ጥርሱ ደንዟል ወይም አካሄዳችሁ ዘግይቷል። የጣውላው ፊት ማዕበል ከሠራ፦ የደነዘዘ ጥርስ፣ የላላ ምላጭ፣ ወይም ጥርሱ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ፍጥነት። የሚነድ ሽታ ካለ ወዲያው አቁሙ። የጋለ ምላጭ ውጥረቱን ያጣል፤ ውጥረት ያጣ ምላጭ ደግሞ መንገዱን ይስታል። ሙጫ በበዛበት እንጨት ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ መቁረጥ ምላጩን ከሙጫም ከሙቀትም ያድነዋል።

ምላጩ ከተቆነጠጠ ዋናው ነገር አለመቸኮል ነው። የቀበቶ ምላጭ እየዞረ ሳለ ወደ ኋላ ከተጎተተ ከጎማዎቹ ላይ ይወርዳል። ማሽኑን አቁሙ፣ ማጥፊያውን በጓጉንቸር ቆልፉ፣ የተቆረጠውን ክፍተት በእንጨት ሽብልቅ ክፈቱ፤ ምላጩን ከዚያ በኋላ አውጡ። ሽብልቁ የእንጨት መሆኑ ልብ ይባል፤ የብረት ሽብልቅ ከጥርስ ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

ከየግንዱ አንድ ጣውላ አንሡና ውፍረቱን በካሊፐር ሁለቱም ጫፎች ላይና መሃሉ ላይ ለኩ። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ማለፍ ከጀመረ የምላጩ ጊዜ ደርሷል። የደነዘዘ ምላጭን «ይህችን ግንድ ብቻ» እያሉ መግፋት ከሞረድ ሥራ በላይ ዋጋ ያስከፍላል።

10. ጠርዝ መቁረጥ

ቅርፊታም ጠርዝ የሚቆርጠው ማሽን ትንሽ ስለሆነ አይፈራም፤ መፈራት ግን ይገባዋል። ጣውላውን የሚያስገባው ሰው ከመግቢያው ጎን ይቁም፤ ትክክል ከኋላው አይቁም፤ የተወረወረ ቁራጭ የሚመጣው በዚያ መስመር ነው። በመግቢያና በመውጫ ተሽከርካሪዎች መካከል ካለው ርቀት ያጠረ ቁራጭ አይገባም፤ ሁለቱም ተሽከርካሪዎች ሳይዙት ምላጩ ላይ ነፃ ይሆናልና። የመጨረሻው ክንድ ያህል የሚገፋው በእንጨት መግፊያ ነው። ስፋቱን ስትወስኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቅርፊት ቀረ ብላችሁ ሙሉ መጠን አትጣሉ፤ ለተሸፈነ የግንባታ ሥራ የሚሄድ ጣውላ ያችን ጉድለት ይችላል።

የወጣውን ጣውላ ደምሩና ከግንዱ መጠን ጋር አስተያዩ። ከ0.50 ሜትር ኩብ ግንድ 0.26 ሜትር ኩብ ጣውላ ከወጣ 52 በመቶ ነው። ከግንዱ ግማሽ አካባቢ ጣውላ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ቁጥሩ በአንድ የግንድ ዓይነት ላይ እያሽቆለቆለ ከሄደ ግን መጀመሪያ ምላጩን፣ ቀጥሎ የልጣጩን ውፍረት ፈትሹ።

11. መደርደር

የተሰነጠቀ ጣውላ በዚያው ቀን ይደርደር፤ አንድ ላይ ተጣብቆ ያደረ እርጥብ ጣውላ ሻጋታ ይይዛል። መሠረቱ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለና እኩል የሆነ ይሁን። በየደርቡ መካከል ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ደረቅ መለያያ እንጨቶችን ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር እየራቃችሁ አስቀምጡ። መለያያዎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ይውረዱ፤ ከመስመር የወጣ መለያያ ጣውላውን በራሱ ቅርጽ ያጎብጠዋል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው መለያያ ከጣውላው ጫፍ ጋር እኩል ይሁን። ጣሪያ ከላይ፣ ነፋስ ከጎን እንጂ ፀሐይ በቀጥታ አይምታው። ከላይ ክብደት ጫኑበት፤ የላይኛው ሁለት ደርብ ካልተጫነ ይጠማዘዛል። ድርድሩ ጫፍ ላይ የዛፉን ዓይነት፣ ውፍረቱንና የተሰነጠቀበትን ቀን በኖራ ወይም በቀለም ጻፉ።